የሚያነክሰው ዘብ፦ የውሻ መገጣጠሚያ ሕመምና የቤተሰቡ ድርሻ

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ብሎ ይጠፋል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ስለ ውሻ ነው፤ በተለይም መገጣጠሚያው ስለታመመ፣ ጠዋት ለመነሳት ስለሚቸገርና ሲራመድ ስለሚያነክስ ውሻ።

በደላንታ አምባ ላይ፣ በወገል ጤና ከተማ ዙሪያ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ያወርዳል። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ በጅጣና በበሽሎ ወንዞች ገደሎች መካከል የተዘረጋ ደጋ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ በዋድላ በኩል ወደ ላስታና ወደ ላሊበላ ሲዘለቅም መሬቱ ዳገትና ቁልቁለት፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። በዚህ ሁሉ አገር ጅብ ከገደሉ ወጥቶ በረት እንዳይደፍር ሌሊቱን ሲጮኽ የሚያድረው ውሻ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የደጋው ውሻ ደግሞ ጥቂት በልቶ ብዙ ይጮኻል።

ጎህ ሲቀድ ቤተሰቡ በሩን ከፍቶ ሲወጣ አንዳንዱ ውሻ እንደ ወትሮው ዘሎ አይነሳም። መጀመሪያ የፊት እግሮቹን ይዘረጋል፣ ከዚያ የኋላ አካሉን እየጎተተ ቀስ ብሎ ይቆማል። ጥቂት እርምጃ እያነከሰ ይሄዳል፤ ፀሐይ ሲሞቀውና ሰውነቱ ሲፍታታ ማነከሱ ይቀንሳል። ቤተሰቡም «አረጀ» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ግን ከእርጅናው ጀርባ የራሱ መንስኤና የራሱ ማስታገሻ ያለው በሽታ አለ። በተለምዶ ቁርጥማት የምንለው፣ ሐኪሞች የመገጣጠሚያ ብግነት የሚሉት ሕመም ነው። በሽታው ጨርሶ አይድንም፤ ስቃዩ ግን በጣም ሊቀል ይችላል። ይህን የሚያቀልለው ደግሞ በአብዛኛው የቤተሰቡ እጅ ነው።

በመገጣጠሚያው ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ መረዳት ለእንክብካቤው ሁሉ መሠረት ነው። ሁለት አጥንቶች በሚጋጠሙበት ጫፍ ላይ ልም አጥንት የሚባል ነጭ፣ ለስላሳና አንሸራታች ሽፋን አለ። በመካከላቸው ወፈር ያለ ፈሳሽ ይገኛል። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከዚሁ ፈሳሽ ነው። ውሻው ሲራመድ መገጣጠሚያው ይጫናል፣ ይላቀቃል፤ በዚህ መጫንና መላቀቅ ፈሳሹ ወደ ልም አጥንቱ ይገባል፣ ይወጣል። አንዴ የተጎዳ ልም አጥንት በቀላሉ የማይተካው ደም ስለማይደርሰው ነው። ውሻን አስሮ ማስቀመጥም መገጣጠሚያውን የማይጠግነው ምግቡ በእንቅስቃሴ ስለሚደርስ ነው።

ልም አጥንቱ ሲሳሳና ሲሰነጣጠቅ ሁለቱ አጥንቶች እህል ሳይገባበት እንደሚፈጭ ወፍጮና መጅ እርስ በርስ ይፋጫሉ። ልም አጥንቱ ራሱ ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የለውም፤ ውሻውን የሚያሰቃየው በዙሪያው ያለው ሽፋን መቆጣቱና ከሥሩ ያለው አጥንት መጎዳቱ ነው። ሰውነት መገጣጠሚያውን ለማጠናከር በዳር በዳሩ ትርፍ አጥንት ያበቅላል፤ ይህም እግሩ እንደ ልብ እንዳይታጠፍና እንዳይዘረጋ ያደርገዋል። ውሻው የሚያመውን እግር መጫን ሲተው ጡንቻው ይከሳል። ጡንቻው ሲከሳ መገጣጠሚያውን የሚደግፈው ይጠፋል፤ ሕመሙም ይብሳል።

በሽታው ብርቅ አይደለም። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረ ግምት ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት ካለፈ ውሾች መካከል ከአምስቱ አንዱ ይህ ሕመም እንዳለበት ያመለክታል። አንድ ዓመት የሞላው ውሻ ገና ጎረምሳ ነው። ስለዚህ ሕመሙ የሽማግሌ ውሻ ብቻ አይደለም።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

መንስኤው ከየት ይመጣል? በሰው ላይ የመገጣጠሚያ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። በውሻ ላይ ግን በብዛት ከእሱ የቀደመ ሌላ ችግር አለ። በአዲስ አበባ ግቢዎች የሚታዩት ጀርመን ሼፐርድ፣ ሮትዋይለርና ላብራዶር የመሳሰሉት ትልልቅ ዝርያዎች የዳሌ መገጣጠሚያቸው ልል ሆኖ የማደግ ዝንባሌ በዘር ይወርሳሉ። የጭኑ አጥንት ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ በደንብ አይገጥምም፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ይንሸራተታል፣ ልም አጥንቱንም ይፍቀዋል። ይህ ችግር በውሻ ላይ መኖሩ በአሜሪካ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በ1966 ደግሞ ለእርባታ የሚውሉ ውሾችን ዳሌ በራጅ እየመረመረ የሚመዘግብ ተቋም እዚያው ተመሠረተ። ዓላማውም ዳሌያቸው የላላ ውሾች ለእርባታ እንዳይውሉ ነበር።

የደላንታና የላስታ ውሻ በአብዛኛው ቀጭን፣ ቀልጣፋና ቀላል ነው። የእሱ ጠላት ሌላ ነው፦ ከገደል መውደቅ፣ ከጅብ ጋር መተናነቅ፣ በከተማው መንገድ የባጃጅና የመኪና ግጭት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ድንጋይና ዱላ። የተሰበረ እግር ያለ ሕክምና ተጣሞ ሲገጥም፣ ወይም የጉልበት ጅማት ሲበጠስ፣ በዚያ መገጣጠሚያ ላይ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ብግነት መምጣቱ በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ ልጅ ውሻ ላይ ድንጋይ እንዳይወረውር ማስተማር ከማንኛውም መድኃኒት የሚቀድም የመገጣጠሚያ ጥበቃ ነው።

ምልክቶቹን መለየት ዓይን ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ውሻ ሕመሙን ይሸሽጋል። ጨርሶ ሳይጮኽ ለዓመታት የሚሰቃይ ውሻ አለ። ቤተሰብ ማየት ያለበት ትናንሽ ለውጦችን ነው። ዕርከን ላይ ለመውጣት ያመነታል። የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ እያነሳ ይሮጣል። አንዱን ጉልበት ወይም ክርን ደጋግሞ ይልሳል። አንደኛው ጭኑ ከሌላኛው ቀጥኖ ይታያል። መሬት ስለማይነካ ጥፍሩ ያድጋል። ልጆች ዳሌውን ሲነኩት፣ ድሮ የማያደርገውን፣ ያጉረመርማል ወይም ለመንከስ ይዞራል።

የፊንላንዱ ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቤተሰብን ዓይን መለኪያ ለማድረግ 11 ጥያቄዎች አዘጋጅተዋል። ስለ ውሻው መንፈስ፣ ስለ ጨዋታ ፍላጎቱ፣ ከሕመም የተነሳ ስለ መጮኹ፣ ስለ አረማመዱ፣ ስለ ሶምሶማውና ስለ ሩጫው፣ ስለ ዝላዩ፣ ስለ አተኛኘቱና ስለ አነሳሱ፣ ከረጅም ዕረፍትና ከከባድ ድካም በኋላ ስለሚያሳየው እንቅስቃሴ ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ 12ና ከዚያ በላይ ከሆነ ውሻው ሥር የሰደደ ሕመም እንዳለበት ይገመታል። ለዚህ ራጅም ላቦራቶሪም አያስፈልግም። ወገል ጤና ያለ ቤተሰብ እነዚህኑ ነገሮች በደብተር ላይ በየሁለት ሳምንቱ ቢመዘግብ፣ ውሻው እየተሻለው ወይም እየባሰበት መሆኑን በግምት ሳይሆን በቁጥር ያያል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ያነከሰ ውሻ ሁሉ የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ አይደለም። እሾህ የወጋው፣ አጥንቱ የተሰበረ፣ ቁስሉ መግል የቋጠረ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ በአገራችን አለ፤ አንዳንዴም የሚጀምረው በቁጣ ሳይሆን በኋላ እግር መዛልና ሽባነት ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ ይመጣል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እግሩ የዛለ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የወደቀ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተለወጠ ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ውሻ በእጅ አይነካም። ሰው ርቆ ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። እንዲህ ያለ ውሻ የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ ያረፈበት ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በወቅቱ የተከተበ ውሻ ባለቤት ግን የሚያነክስ ውሻውን በበለጠ መረጋጋት ቀርቦ መርዳት ይችላል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ወደ እንክብካቤው ስንመጣ ቀዳሚው ነገር ክብደት ነው። በዚህ ረገድ ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ታዋቂው በአሜሪካ በ48 ላብራዶር ቡችላዎች ላይ የተካሄደው ነው። ቡችላዎቹ ከየእናታቸው ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተመደቡ። አንደኛው ከጥንዱ 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ዕድሜውን ሙሉ ይሰጠው ነበር፤ ምግቡ ዓይነቱ አንድ ነው፣ የተለየው መጠኑ ብቻ ነው። አምስት ዓመት ሲሞላቸው በራጅ ሲታዩ፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ብግነት ብዙ ከሚበሉት 52 በመቶው ላይ ሲገኝ፣ ጥቂት ከሚበሉት ግን 13 በመቶው ላይ ብቻ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የመጨረሻ ውጤት ደግሞ መካከለኛ ዕድሜያቸው ብዙ ለሚበሉት 11.2፣ ጥቂት ለሚበሉት 13 ዓመት መሆኑን አሳየ። ምግብ በመመጠን ብቻ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ተገኘ ማለት ነው። ያም ዕድሜ በተሻለ ጤና የተኖረ ነበር።

ወፍራም ሆኖ ቀድሞውኑ ለታመመ ውሻም ጊዜው አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከሰውነት ክብደት ስድስት በመቶ ገደማ መቀነስ ብቻ ማነከስን በሚታይ ደረጃ ያሻሽላል። 40 ኪሎ ለሚመዝን የጥበቃ ውሻ ይህ ሁለት ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። የአዲስ አበባ ወይም የደሴ ባለቤት ሚዛን ባይኖረው እጁ ይበቃዋል። የውሻውን ጎን ሲዳብስ የጎድን አጥንቶቹ ጫን ሳይል ሊቆጠሩ ይገባል፤ ከላይ ሲታይም ወገቡ ገባ ያለ መሆን አለበት። አጥንቱን ለማግኘት ጣት ስብ ውስጥ መስመጥ ካለበት ውሻው ወፍሯል።

ለደጋው ቀጭን ውሻ ግን ምክሩ ይገለበጣል። ጎድኑ ከሩቅ የሚቆጠር፣ ጭኑ የመነመነ ውሻ ምግቡ አይቀነስበትም፤ እንዲያውም ጡንቻውን የሚተካለት ፕሮቲን ይፈልጋል። እንጀራና ቂጣ ብቻ ይህን አይሰጡትም። የተቀቀለ እንቁላል፣ አንጀቱ የሚስማማው ከሆነ ወተት፣ ከበዓል እርድ የተረፈ ሥጋ ጥሩ ነው። ሳንባና ጉበት ግን ጥሬውን አይሰጥም፤ በውሻ በኩል ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በጉበትና በሳንባ ውኃ የቋጠረ እብጠት የሚያመጣ የኮሶ ዓይነት ትል አለ። በደንብ መቀቀል ይህን ይከላከላል። የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥ። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የተቁላላ ወጥም ለውሻ ጥሩ አይደለም፤ ሁለቱም ቀይ የደም ሕዋሳቱን ይጎዳሉ።

ብዙ ሰው ስለ ተልባ ይጠይቃል። ተልባ በኦሜጋ ሦስት ስብ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በተልባ ያለው ዓይነት ብግነትን ወደሚያበርደው ዓይነት እንዲለወጥ የውሻ ሰውነት ብዙ ሥራ ይጠበቅበታል፣ የሚለውጠውም ጥቂቱን ብቻ ነው። ለመገጣጠሚያ የተሻለ ማስረጃ ያለው ከባሕር ዓሣ የሚወጣው ዘይት ነው። መጠኑ በውሻው ክብደት ስለሚወሰን ሐኪም ይጠየቃል፤ ሲበዛ ተቅማጥ ያመጣል፣ ያወፍራልም። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ለዘመድ ውሻ የሚልኩት ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን የሚባለው እንክብል ደግሞ ስሙ ከውጤቱ ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የጥናቶች ግምገማ በውሻ ሕመም ላይ ጥቅሙን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ለእሱ የሚወጣው ገንዘብ ለሐኪም ምርመራ ቢውል ይሻላል።

ከምግብ ቀጥሎ መኝታ ነው። ብርድ በሽታውን አይፈጥርም፤ ነገር ግን ውርጭ ባለበት ሌሊት በባዶ ድንጋይ ላይ ያደረ ውሻ ጡንቻው ደርቆ፣ መገጣጠሚያው ተጨብጦ ይነሳል። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ አለ። በማዳበሪያ ከረጢት የተሞላ የገብስ ጭድ፣ ከመሬት በእንጨት ርብራብ ከፍ ተደርጎ፣ ነፋስና ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ቢቀመጥ ለዳሌና ለክርን ትልቅ ዕረፍት ነው። ጭዱ ሲረጥብና ቁንጫ ሲያፈራ ይለወጣል። ጠዋት በሞቀ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ጨርቅ የታመመው መገጣጠሚያ ላይ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ መያዝም ያፍታታዋል፤ የጨርቁ ሙቀት አስቀድሞ በሰው ክንድ ላይ ይሞከራል። ቤታቸው በሴራሚክ የተነጠፈ የከተማ ሰዎች ደግሞ ውሻው በሚመላለስበት ላይ ምንጣፍ ቢያነጥፉ ከመንሸራተት ያድኑታል።

እንቅስቃሴው መጠንና ሥርዓት ይፈልጋል። ሳምንቱን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ሰንበት ላይ ግማሽ ቀን የሚሮጥ ውሻ ሰኞ ጠዋት መነሳት ያቅተዋል። የሚጠቅመው በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አጭርና ዝግ ያለ ጉዞ ነው። በቀን አንዴ ረጅም ከመሄድ ሁለትና ሦስቴ አጭር መሄድ ይሻላል። በላስታ ሜዳ ማግኘት ቀላል ባይሆንም ከአዝመራ በኋላ አውድማው አለ፣ የመንገዱ ዳር አለ፤ የኋላ እግሩ ለታመመ ውሻ ቀጥ ያለ ዳገት፣ የፊት እግሩ ለታመመ ደግሞ ቁልቁለት ይከብደዋል። ድንጋይ ወይም እንጨት እየወረወሩ ማስሮጥ መቅረት አለበት፤ ድንገተኛ መቆምና መጠምዘዝ ጉልበቱን ይጎዳዋል። ከጉዞው በኋላ በማግስቱ ማነከሱ ከባሰ ርቀቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ይቀነሳል እንጂ ጨርሶ አይቋረጥም።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሁለት አደገኛ መፍትሔዎች እንምጣ። አንደኛው የጋለ ብረት ነው። በብዙ የገጠር አካባቢዎች ያበጠ የእንስሳ መገጣጠሚያ በጋለ ብረት ይተኮሳል። የሚያደርጉት ሰዎች እንስሳቸውን ለማዳን ብለው ነው። ግን የጋለው ብረት የሚያቃጥለው ቆዳውን ነው፤ ከውስጥ ያለውን ልም አጥንት አይጠግነውም። ውሻው በነበረው ሕመም ላይ የቃጠሎ ቁስል ይጨመርበታል፤ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል።

ሁለተኛው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሰው ክኒን ነው። ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን ለሰው ጉልበት ሕመም የታወቁ ናቸው፤ ባለቤቱም ርኅራኄው ገፋፍቶት ግማሹን በእንጀራ ጠቅልሎ ለውሻው ያጎርሰዋል። የውሻ ሰውነት ግን እነዚህን መድኃኒቶች እንደ ሰው አያስተናግድም። ጨጓራውና አንጀቱ ይቆስላሉ፣ ይደማሉ፤ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል። ትውከት፣ ምግብ መተው፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ የመመረዙ ምልክቶች ናቸው። ፓራሲታሞልም መጠኑ ከበዛ ጉበቱንና ደሙን ይጎዳል። ክኒን የተሰጠው ውሻ ለሐኪም ሲቀርብ የተሰጠውን ስምና መጠን አለመደበቅ ሕይወቱን ሊያድን ይችላል።

የዳይክሎፌናክ ነገር ከውሻም ያልፋል። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል ይህ መድኃኒት ለከብት ሕመም በሰፊው ይሰጥ ነበር። መድኃኒቱን ወስዶ የሞተ ከብት የበሉ ጥንብ አንሣዎች ኩላሊታቸው እየተጎዳ አለቁ፤ በሕንድ አንደኛው ዝርያ ከ99 በመቶ በላይ ጠፋ። ምክንያቱ ዳይክሎፌናክ መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 አረጋገጡ፤ በ2006 ሦስቱም አገሮች ለእንስሳት መሰጠቱን ከለከሉ። ጥንብ የሚያነሣ ሲጠፋ ጥንቡን የሚበሉ ባለቤት አልባ ውሾች እንደ በዙና የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም እንደ ጨመረ ተጽፏል። በላስታ ተራሮች፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራና በላሊበላ ሰማይ ላይ ጥንብ አንሣዎች ዛሬም ያንዣብባሉ፤ የሞተ እንስሳም ሜዳ ላይ ይጣላል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስዶ የሞተ እንስሳ፣ ውሻም ይሁን በሬ፣ በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር አለበት።

ደስ የሚለው ነገር መልካም አማራጭ መኖሩ ነው። በጥንብ አንሣዎች ላይ ተሞክሮ ጉዳት ያላደረሰው ሜሎክሲካም ለውሻ መገጣጠሚያ ሕመምም በሐኪም ከሚታዘዙት ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለውሻ የተፈቀደው ካርፕሮፌን ነው። ሁለቱም መጠናቸው በኪሎ ይሰላል፣ ከምግብ ጋር ይሰጣሉ፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ሲታይ ይቋረጡና ለሐኪም ይነገራል። ሁለት ፀረ ብግነት መድኃኒት በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ በተለይ እንደ ዴክሳሜታዞን ካለ የስቴሮይድ መርፌ ጋር ማጣመር ጨጓራን ክፉኛ ያቆስላል። ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ውሻ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ያስፈልገዋል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ደግሞ በወር አንዴ የሚሰጥ ሊብሬላ የተባለ መርፌ መጥቷል። መርፌው የሕመም መልእክት የሚያነሳሳውን የነርቭ ንጥረ ነገር ይዞ ያግደዋል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በአሜሪካ በ2023 ተፈቅዷል፤ በ2024 መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በአንዳንድ ውሾች ላይ የነርቭና ሌሎች ችግሮች እንደ ተመዘገቡ የእንስሳት ሐኪሞችን አሳስቧል። በውጭ የሚኖሩ ባለቤቶች ጥቅሙንም ስጋቱንም ከሐኪማቸው ጋር መዝነው መወሰን ይገባቸዋል።

በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1979 በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሐኪሞች ወጥተዋል፤ ዛሬ ጎንደርና ወሎ ዩኒቨርሲቲዎችም ያሠለጥናሉ። የወረዳና የቀበሌ የእንስሳት ክሊኒኮች በዋናነት የተደራጁት ለከብት፣ ለበግ፣ ለፍየልና ለጋማ ከብት ነው፤ አብዛኞቹም ራጅ የላቸውም። ይህ ግን ውሻ አይመረመርም ማለት አይደለም። የሠለጠነ እጅ መገጣጠሚያውን አጥፎና ዘርግቶ፣ እብጠቱን ዳብሶ፣ የሁለቱን ጭኖች ውፍረት አወዳድሮ፣ ውሻውን አራምዶ አይቶ ብዙ ነገር ይለያል። ወገል ጤና ወይም ላሊበላ ያለ ባለቤት «ይህ ለበሬ ነው» ብሎ ከክሊኒኩ በር አይመለስ።

ቡችላ ያለው ቤት ደግሞ ሥራውን ዛሬ መጀመር ይችላል። ትልቅ ዝርያ ቡችላ ቶሎ እንዲገዝፍ ተብሎ ከልክ በላይ አይመገብ፤ በፍጥነት የከበደ ሰውነት ገና ያልጠነከረ መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። አጥንት ያጠነክራል ተብሎ ካልሲየም መጨመርም በእነዚህ ዝርያዎች የአጥንት እድገት መዛባት ያስከትላል። ዳሌው የላላ ወይም በወጣትነቱ ማነከስ የጀመረ ውሻ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ባይራባ ይመረጣል።

ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ አስቀድሞ ጥቂት ነገር ቢያዘጋጅ ምርመራው ይሰምራል። ማነከሱ መቼ እንደ ጀመረ፣ በየትኛው እግር እንደሆነ፣ ጠዋት ነው ወይስ ማታ የሚብሰው፣ ከዚህ በፊት ወድቆ ወይም ተመትቶ እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላና ምን ዓይነት ክኒን እንደ ተሰጠው ይጻፍ። ውሻ ክሊኒክ ሲገባ ደንግጦ ማነከሱን ሊተው ስለሚችል፣ ጠዋት ከመኝታው ሲነሳና ሲራመድ በሞባይል ስልክ ቢቀረጽ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። ሕመም ላይ ያለ ውሻ የሚወደውን ሰው ጭምር ሊነክስ ስለሚችል አፉ ትንፋሽ በማይከለክል ጨርቅ ታስሮ ይወሰድ፤ የክትባት ወረቀቱም አብሮ ይያዝ። ሕክምናው ከተጀመረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤተሰቡ አነሳሱን፣ አረማመዱንና መንፈሱን እንደገና መዝግቦ ለሐኪሙ ያሳይ፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚስተካከለው በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ስለ ውሻ መገጣጠሚያ ሕመም የተዘጋጀው የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት በዚሁ ተጠናቀቀ።

(መዝጊያ ሙዚቃ)